የቆዳ መድኃኒትና አጃቢ ቅመሞቹ፤ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ

በጎጃም ምዕራብ፣ በደቡብ አቸፈር ወረዳ በምትገኘው በዱርቤቴ ከተማ፣ በገበያ ቀን ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ የሚቆመው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው። ለልጁ እከክ፣ ለራሱ ጭርት፣ ወይም ለተሰነጣጠቀ እግሩ የሚሆን ቅባት ይፈልጋል። ሻጩም ከመደርደሪያው ሁለት ቱቦዎች አውርዶ ያሳየዋል። በሁለቱም ላይ የተጻፈው የመድኃኒት ስም አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው፤ የፋብሪካው ስምና ዋጋው ግን ይለያያል። ገበሬው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጩ «ያው አንድ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል።

ይህ «ያው አንድ ነው» የሚለው አነጋገር ለብዙ የንግድ ዕቃ ይስማማ ይሆናል። ለቆዳ መድኃኒት ግን ሁልጊዜ አይስማማም። በቱቦው ላይ በጉልህ የተጻፈው ስም የፈዋሹ ቅመም ስም ብቻ ሲሆን፣ ይህም ቅመም በቱቦው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። የቀረውና የሚበዛው ክፍል፣ ማለት ቫዝሊኑ፣ ሰሙ፣ ውሃው፣ ግሊሰሪኑና እነዚህን የሚያስታርቀው ቅመም፣ በራሱ በሽታን አያጠፋም ተብሎ «ፈዋሽ ያልሆነ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ፈዋሹ ወደ ቆዳ መግባቱንና አለመግባቱን፣ ቶሎ መሥራቱንና መዘግየቱን፣ በሽተኛውም መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መቀባቱንና በመካከሉ መጣሉን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ፈዋሽ አይደለም የተባለው ክፍል ነው። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጣ፣ የሚያከፋፍልና የሚሸጥ ሁሉ ጉዳዩን በመጠኑ ሊረዳው ይገባል።

አጃቢ ቅመም ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን ለመረዳት በኢትዮጵያ መድኃኒት ቤቶች ዘንድ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀውን የዊትፊልድ ቅባት መመልከት ይበቃል። ይህ ቅባት እ.ኤ.አ. ከ1900 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም አርተር ዊትፊልድ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ለጭርትና ለመሳሰለው የቆዳ በሽታ ያገለግላል። በ100 ግራም ቅባት ውስጥ 6 ግራም ቤንዞይክ አሲድና 3 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ይገኛል። የመጀመሪያው የጭርቱን ሻጋታ እንዳያድግ ሲገታ፣ ሁለተኛው የደረቀውንና የወፈረውን የቆዳ ቅርፊት እያላላ ያነሣል። ሁለቱ ተደምረው 9 ግራም ናቸው። የቀረው 91 ግራም አጃቢ ነው።

በሌሎች ዘንድ የአጃቢው ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። ከመቶ 5 እጅ ፐርሜትሪን ያለው የእከክ ክሬም 95 እጅ አጃቢ ነው። ከመቶ 1 እጅ ሃይድሮኮርቲዞን ያለው የችፌ ቅባት 99 እጅ አጃቢ ነው። እንግዲህ ከውጭ አገር በመርከብና በመኪና ተጭኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ወደ ጎጃም የሚገባው የቆዳ መድኃኒት በክብደቱ ሲታይ ከሞላ ጎደል የአጃቢ ቅመም ንግድ መሆኑን ልብ ይሏል።

እነዚህ አጃቢዎች በሥራቸው ይለያያሉ። ቫዝሊን፣ ፓራፊን፣ የንብ ሰምና ከበግ ጠጉር የሚወጣው ላኖሊን የቅባቱን ገላ ይሠራሉ፤ የቆዳውንም ርጥበት ሸፍነው ያቆያሉ። ግሊሰሪን ርጥበትን ወደ ራሱ ይስባል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ፈዋሹን ያሟሟል፤ ወደ ቆዳም እንዲገባ ያግዘዋል። ሴቶስቴሪል አልኮልና መሰሎቹ ዘይትና ውሃ ሳይለያዩ እንዲኖሩ ያስታርቃሉ። ውሃ ባለበት ክሬም ሁሉ ተሕዋስያን ሊራቡ ስለሚችሉ፣ ከብልሽት የሚጠብቅ ሌላ ቅመም በጥቂቱ ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱ በሌላ ሲለወጥ፣ ምንም እንኳ የፈዋሹ መጠን ባይነካ፣ መድኃኒቱ ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ቆዳ እንደ ኬላ

የሰው ቆዳ ከላይ በሞቱ ሕዋሳት የተነጠፈ ነው። ይህ የላይኛው ንጣፍ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ አይበልጥም፤ በውስጥ እግርና በመዳፍ ላይ ግን ብዙ እጥፍ ይወፍራል። አሠራሩ የግንብ ዓይነት ነው። የሞቱት ሕዋሳት እንደ ድንጋይ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ያለው ስብ እንደ ጭቃ ያያይዛቸዋል። ውሃ ከሰውነት እንዳይወጣ፣ ከውጭም ባዕድ ነገር እንዳይገባ የሚጠብቀው ይህ ንጣፍ ነው። ነጋዴ በሚያውቀው ቋንቋ ለመናገር፣ ቆዳ ኬላ ነው፤ መድኃኒትም ኬላውን ሳያልፍ ሥራ አይሠራም።

ኬላውን ለማለፍ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፈዋሹ ቅመም በተሸካሚው ውስጥ በሚገባ መሟሟት ወይም እጅግ ደቅቆ መበተን አለበት። ሁለተኛ፣ ተሸካሚው ፈዋሹን መልቀቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ፈዋሹ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ስብ ውስጥ ሰርጎ መግባት አለበት። ከእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ተሸካሚው ፈዋሹን ከልክ በላይ የሚያሟሟው ከሆነ ፈዋሹ ከተሸካሚው መለየት አይወድም፤ በቆዳው ላይ ተቀብቶ ሳለ በቅባቱ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ይህም ጭነቱን ከገበያ መካከል አድርሳ ለማራገፍ እንደምታስቸግር በቅሎ ማለት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ተጉዛ ለባለቤቷ ያተረፈችለት ነገር የለም።

ይህን ጉዳይ በቁጥር ያስረዱት ሊቃውንት በዘመናቸው የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ታኬሩ ሂጉቺ የተባለው አሜሪካዊ የመድኃኒት ሊቅ፣ ደቅቆ የተበተነ መድኃኒት ከቅባት ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ በሒሳብ ቀመር አሳየ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1962፣ ማኬንዚና ስታውተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ የስቴሮይድ ቅባቶችን ኀይል ለመመዘን ቀላል ዘዴ አገኙ። የስቴሮይድ መድኃኒት ወደ ቆዳ ሲገባ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የተቀባውም ስፍራ ይነጣል። የንጣቱ መጠን ምን ያህል መድኃኒት ኬላውን እንዳለፈ ያመለክታል። ይህ ዘዴ ከተገኘ በኋላ፣ በቱቦው ላይ የተጻፈው መጠንና ወደ ቆዳ የገባው መጠን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው በግልጽ ታየ።

አንድ መጠን፣ ልዩ ልዩ ኀይል

ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ የሚሆነው ቤታሜታዞን ዳይፕሮፒዮኔት የተባለው ለችፌና ለመሳሰለው የሚታዘዝ ስቴሮይድ ነው። ይህ መድኃኒት በመጠኑ አንድ ሆኖ፣ ይኸውም ከመቶ 0.05 እጅ ብቻ ሆኖ፣ በልዩ ልዩ ተሸካሚ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚገባ ተቀምሮበት የተሻሻለው ቅባት፣ ሐኪሞች ስቴሮይዶችን በኀይላቸው በሚደረድሩበት ሰንጠረዥ ከሁሉ ከሚበረታው ክፍል ይመደባል። በተለመደው ክሬም የተዘጋጀው ግን ከእርሱ ዝቅ ባለው ክፍል ይገኛል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈዋሽ አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አጃቢው ነው።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ደካማው ለብርቱ በሽታ ሲሰጥ፣ በሽተኛው ገንዘቡን ከፍሎ ሳይድን ይቀራል፤ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ብሎም በሻጩ ላይ ያማርራል። ብርቱው ደግሞ በፊት ላይ ወይም በሕፃን ገላ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሌላም ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘው ክሬም በጠፋ ጊዜ፣ ሻጩ በገዛ ሥልጣኑ «ስሙ አንድ ነው» ብሎ በቅባት መለወጡ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁስሉ ራሱም ተሸካሚውን ይመርጣል። ለደረቀ፣ ለወፈረና ለተሰነጣጠቀ ቆዳ ቫዝሊን የበዛበት ቅባት ይሻላል፤ ርጥበቱን ሸፍኖ ስለሚያቆይ ቆዳው ይለሰልሳል፤ መድኃኒቱም በቀላሉ ይገባል። ውሃ ለሚቋጥር ቁስል ግን ይህ ቅባት ፈሳሹን አፍኖ ሊያብሰው ስለሚችል ክሬም ወይም ሎሽን ይመረጣል። ጠጉር ላለበት ስፍራም ሎሽን ይስማማል፤ ቅባት በዚያ ይጣበቃልና። የዊትፊልድ ቅባት እንኳ ሁለት ዓይነት ገላ አለው። በእንግሊዞች አሠራር ተሸካሚው 50 እጅ ነጭ ቫዝሊን፣ 30 እጅ ዘይትና ውሃ የሚያስታርቅ ሰም፣ 20 እጅም ፈሳሽ ፓራፊን ያለበት ነው። በአሜሪካኖች አሠራር ደግሞ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ በውሃ የሚሟሟ ቅመም ይገባበታል። የመጀመሪያው ቆዳውን ያወዛል፤ ሁለተኛው ቅባትነት ስለሌለው ቶሎ ይታጠባል። እንግዲህ «ዊትፊልድ» ብሎ ያዘዘ አስመጪ የትኛውን እንዳዘዘ ካላወቀ፣ የሚያውቀው የዕቃውን ስም እንጂ ዕቃውን አይደለም።

የጎጃም ገበሬ እግር

አጃቢ የተባለው ቅመም ራሱ ዋና የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለዚህ ከጎጃም የሚቀርብ ምሳሌ አይገኝም። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ዘመናቸውን ሁሉ በባዶ እግር በሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚወጣ ዝሆኔ የሚባል በሽታ አለ። በሊቃውንት ዘንድ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፣ እግሩን ያሳብጣል፤ ቆዳውን ያወፍራል፤ ይሰነጣጥቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ ወረዳ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከመቶ 3.3 ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህም በየመቶው ሰው ሦስት ገበሬ ከእርሻው፣ ሦስት ነጋዴ ከገበያው የሚያስቀር በሽታ ነው።

በተሰነጣጠቀው ቆዳ በኩል ተሕዋስያን ሲገቡ እግሩ በድንገት ይግላል፤ ያብጣል፤ ትኩሳትም ያስነሣል፤ በሽተኛው ለብዙ ቀናት ከሥራ ይታገዳል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰርና ካልሲና ጫማ ማድረግ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ሕመም ቁጥር ይቀንሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የረቀቀ መድኃኒት የለም። ቆዳን የሚያለሰልሰው ነገር በቅባት ቱቦ ላይ «ፈዋሽ ያልሆነ» ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት ነው።

ከዚህም የሚገርመው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሁለት የዝሆኔ ሕክምና ጣቢያዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሌላ ምርመራ ነው። በሽተኞቹ በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ቀድሞው እግሩን በተሕዋስያን ማጥፊያ ውሃ ነክሮ ቫዝሊን ሲቀባ፣ ለሁለተኛው ወገን የመንከሪያው ውሃ ተቀንሶ ከመቶ 2 እጅ ግሊሰሪን ተጨመረበት። ሦስት ወር ሲያልፍ የሁለቱም ወገን ቆዳ ተሻሻለ፤ ግሊሰሪን የተጨመረለት ወገን ቆዳ ግን ርጥበቱን በመያዝና እንደ ኬላ በመጠበቅ ረገድ ከሌላው በልጦ ተገኘ። ውሃ ከሩቅ በእንስራ ለሚቀዳበት የገጠር ቤት፣ የውሃው መቀነስ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሱቆች መደርደሪያ ላይ ቫዝሊንና ግሊሰሪን ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ይታያሉ። ባለሱቁ ለፊት ማውዣ ብሎ የሚሸጠው ይህ ዕቃ፣ ለዝሆኔ በሽተኛ የሕክምናው ግማሽ መሆኑን ቢያውቅ፣ ንጹሕነቱን ሳያረጋግጥ አይገዛውም፤ ከታወቀ አቅራቢም ሳይሆን አያስገባውም።

ያልተቀባ መድኃኒት አይፈውስም

እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ከነበረው ድርቅ ጋር በአማራ ክልል እከክ በብዛት ተነሥቶ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ከ370 ሺህ የሚበልጡት ተይዘው መገኘታቸው ይታወሳል። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ድኝ በቫዝሊን ተለውሶ የሚዘጋጀው ቅባት ነው። ዋጋው ርካሽ ሲሆን ለሕፃናትም ይስማማል። ነገር ግን በተከታታይ ሌሊቶች መላውን ገላ መቀባት ያስፈልጋል፤ ይሸታል፤ ልብስም ያበላሻል። ድኙ በሚገባ ካልደቀቀ ደግሞ ገላን ይከረክራል። ውሃ በሌለበት አገር፣ አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ይህን ቅባት ለሁለተኛ ሌሊት ለመቀባት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለው ከመቶ 25 እጅ የሚዘጋጅ ፈሳሽም የራሱ ችግር አለው። ዘይትና ውሃን የሚያስታርቀው ቅመም ደካማ ከሆነ ፈሳሹ ይለያያል፤ ጠርሙሱን ሳይነቀንቅ የተቀባ ሰው አንድ ቀን ውሃውን፣ ሌላ ቀን የሚያቃጥለውን መድኃኒት ብቻ ይቀባል። የፐርሜትሪን ክሬም ሽታው ያነሰ፣ ለመቀባትም የቀለለ ስለሆነ በሽተኛው በፈቃዱ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ጠረን፣ ልስላሴና የመታጠብ ቀላልነት ለጌጥ የተጨመሩ ነገሮች ሳይሆኑ የመድኃኒቱ ኀይል ክፍሎች ናቸው። ቱቦው ተጀምሮ በጣሪያ ሥር ከተወሸቀ፣ በውስጡ ያለው ፈዋሽ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን አይጠቅምም።

የመንገዱ ሙቀትና የሱቁ መደርደሪያ

ከአዲስ አበባ ተጭኖ ወደ ጎጃም የሚመጣ ዕቃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ይወጣል። የዓባይ በረሃ ሙቀት ለማንም አይሰወርም። በፀሐይ የቆመ የጭነት መኪና ውስጡ ከውጩ አየር የባሰ ይግላል። ቫዝሊን እንደ ዓይነቱ ከ38 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚቀልጥ ሲሆን፣ በመድኃኒት ሣጥን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ትእዛዝ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል ነው።

ቅባት ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። በውስጡ ተበትኖ የነበረው ዱቄት ግን በቀለጠበት ጊዜ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከትልቅ ቆርቆሮ እየተቀነሰ የሚሸጥ ቅባት እንዲህ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ገዢ ባዶ ቫዝሊን፣ የመጨረሻው ገዢ የሚያቃጥል መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ክሬም ደግሞ በሙቀት ውሃውና ዘይቱ ይለያያል፤ ከቱቦው ሲጨመቅ ውሃ ካስቀደመ ኀይሉን ማመን አይቻልም። ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንንሽ ብልቃጥ መገልበጥም ጉዳት አለው፤ በእጅና በማንኪያ የገባ ተሕዋስያን፣ ከብልሽት የሚጠብቀው ቅመም በመጠኑ የተቀመረበትን ክሬም ሊያበላሸው ይችላል። ክሬሙ እንዲበረክት ብሎ ከቫዝሊን ጋር መደባለቅም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ፈዋሹን ማሳነስ ብቻ ሳይሆን የተሸካሚውን ጠባይ መለወጥ ነውና።

በአጃቢ ቅመም የመጣ ሞት

እስካሁን የተነገረው አጃቢው ሳይስማማ ሲቀር ነው። አጃቢው ራሱ ባዕድ ነገር ሲሆን ግን ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል። ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል በመልክ ዳይኢትሊን ግላይኮል ከተባለ መርዝ ጋር ይመሳሰላሉ። ይህ መርዝ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ርካሽ ፈሳሽ ሲሆን ኩላሊትን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አገር ለሳል መድኃኒት ሳይሆን ለተሕዋስያን ማጥፊያ በተዘጋጀ የሚጠጣ ፈሳሽ ውስጥ እንደ ማሟሟያ ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2022 ደግሞ በጋምቢያ በሕፃናት የሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኝቶ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞቱ።

«ይህ የሚጠጣ መድኃኒት ነው፤ የሚቀባውን አይመለከትም» የሚል ቢኖር፣ በ1985 በስፔን አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች በተቀባ የሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባት ውስጥ ይኸው መርዝ በተሸካሚው ገብቶ 5 በሽተኞች ሞቱ። ጤነኛ ቆዳ ኬላ ነው፤ የተቃጠለ ቆዳ ግን የፈረሰ ኬላ ስለሆነ የተቀባው ሁሉ ወደ ደም ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ፈዋሹ ቅመም ጥፋት አልነበረበትም። የገደለው ማንም ልብ ያላለው አጃቢ ነበር።

የጎጃም ሰምና የላኪው ዕድል

ጉዳዩ አስመጪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከአጃቢ ቅመሞች አንዱ፣ ምናልባትም ከሁሉ የቆየው፣ የንብ ሰም ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ሰም፣ ዘይትና ውሃ ቀላቅሎ የሠራው ቅባት የዛሬዎቹ ክሬሞች አባት ይባላል። ቫዝሊን የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አሜሪካዊው ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ካወጣበት በኋላ ነው። የአገራችን የመድኃኒት አዋቂዎችም የቅጠሉንና የሥሩን ዱቄት በቅቤ፣ በማርና በኑግ ዘይት መለወሳቸው ተሸካሚ እንደሚያስፈልግ ያውቁ እንደ ነበር ያመለክታል። ቅቤ ግን ሲቆይ ጠረኑና ጠባዩ ይለወጣል፤ ሰም በአንጻሩ ለዓመታት ሳይበላሽ ይኖራል።

ኢትዮጵያ በማር ምርት በአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት፤ በሰምም ከዓለም ታላላቅ አምራቾች ትቆጠራለች። ከዚህ ሰም ብዙው የሚገኘው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ሰፈፉ ቀልጦና ተጣርቶ ከፊሉ ለጧፍ ሲውል ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ይላካል። የመድኃኒትና የቅባት ፋብሪካዎች ንጹሕ ሰም የሚቀልጥበትን ሙቀት፣ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ገደማ፣ መዝነው ይቀበላሉ። ሞራ ወይም ፓራፊን የተቀላቀለበት ሰም በዚህ ምዘናና በሌሎችም ምርመራዎች ይታወቃል፤ ተመልሶም ይመጣል። ክብደት ለመጨመር የተቀላቀለው ጥቂት ሞራ የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን የአገሩን ሰም ሁሉ ዋጋ ያወርዳል።

ገና የሚጠበቅ ነገርም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን አገር የሚገኘው የማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ በቆዳ ሕዋሳት መካከል ካለው ስብ ጋር ዝምድና ያለውን ሴራሚድ የተባለ ቅመም ከኢትዮጵያ እህሎች ለማውጣት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትመዋል። በዚህም ምርመራ ጓያ ጥሩ ምንጭ ሆኖ ተገኝቷል። ድሃ በችግር ጊዜ የሚበላው፣ ሲበዛም እግር የሚያሰንፈው ጓያ፣ አንድ ቀን የተሰነጣጠቀ ቆዳ ለሚጠግን ክሬም ቅመም ቢሆን፣ ለላኪው አዲስ በር ይከፈታል።

ለነጋዴው የሚበጀው

ከላይ የተነገረው ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ፣ የአስመጪው፣ የላኪውና የሻጩ ድርሻ እንደሚከተለው ነው።

አስመጪው የቆዳ መድኃኒት ሲያዝ የፈዋሹን ስምና መጠን ብቻ ጽፎ መላክ አይበቃውም፤ ቅባት፣ ክሬም ወይም ሎሽን መሆኑን፣ ተሸካሚውም ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ወደ አገር ከመግባቱ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ በምዝገባው ሰነድም አጃቢ ቅመሞች ሁሉ ይዘረዘራሉ። ፋብሪካው የተመዘገበውን ተሸካሚ በሌላ ከለወጠ ዕቃው ሌላ ዕቃ መሆኑን አስመጪው ሊያስታውስ ይገባል። ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚያስመጣም ከታወቀ አምራች፣ ከነምርመራ ወረቀቱ፣ በርሜሉ እጅ ለእጅ ሳይዞር መግዛት ይኖርበታል።

ላኪው ሰሙን ሳይቀላቅል፣ አጣርቶና መዝኖ ይላክ።

ባለመድኃኒት ቤቱ ቱቦውን ከመስኮት ፀሐይና ከቆርቆሮ ግድግዳ ያርቅ፤ የተለያየውን ክሬምና የዘቀጠውን ቅባት አይሽጥ፤ ሐኪም ያዘዘውን ክሬም ያለ ሐኪሙ ፈቃድ በቅባት አይለውጥ። ባለሱቁም ቫዝሊንና ግሊሰሪን ሲገዛ አምራቹ የተጻፈበትን፣ ክዳኑ ያልተነካውን ይምረጥ።

ገበሬው ከዱርቤቴ ገበያ ወደ መንደሩ ሲመለስ በኪሱ የያዘው ትንሽ ቱቦ፣ ምናልባት የአንድ ሳምንት ድካሙን ዋጋ የወሰደ ነው። በሚቀጥለው ገበያ እግሩ ድኖለት ሲመጣ ያንኑ ሻጭ ፈልጎ ይገዛል፤ ሳይድን የቀረ እንደ ሆነ ግን ከዚያ ደጃፍ አይደርስም። «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ ከእንግዲህ ወዲያ «ያው አንድ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ሻጩ ቱቦውን ገልብጦ፣ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቦ፣ የደረቀ ቁስል ይሁን የሚያዥ ጠይቆ ቢመልስለት፣ ደንበኛውንም ስሙንም ይጠብቃል።